ለዓይነ ስውራን የሚሆን የፋይል ማውረጃ ፕሮግራም እየሠራን ነው፤ ይናገር ወይስ ዝም ይበል? (ጎንደር)

ጥቁር ስክሪን (ክሩን የከፈተ)

እንዴት ናችሁ የጎንደር ልጆች፣ የሌላውም አገር። ማራኪ አካባቢ የምንኖር ሁለት ጓደኛሞች ነን። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። የተማርኩት ሕግ ቢሆንም ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለምጃለሁ። ጓደኛዬ ያያል፤ ሙያውም ፕሮግራሚንግ ነው። ለዊንዶውስ የሚሆን የፋይል ማውረጃ ጀምረናል። ክፍያ የለውም፣ ኮዱም ክፍት ይሆናል።

ለምን አዲስ ፕሮግራም እንዳስፈለገን ልንገራችሁ። አንድ መጽሐፍ ለማውረድ ገጽ ትከፍታላችሁ። ገጹ ላይ «ዳውንሎድ» የሚል በተን አራት አምስት ቦታ ተደርድሯል። እውነተኛው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀረው ማስታወቂያ። የሚያይ ሰው በቀለሙና በአቀማመጡ ይለየዋል። ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም) ግን ሁሉንም በአንድ ድምፅ «ዳውንሎድ፣ በተን» እያለ ያልፋል። የተሳሳተውን ከነካችሁ ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ እሱም ሌላ ይወልዳል። ከዚያ ወዲያ የነበራችሁበትን ገጽ ፍለጋ ነው።

እሺ፣ እውነተኛው ተገኘ እንበል። መውረድ ጀመረ። ስንት ደረሰ? እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል? ብዙዎቹ ማውረጃዎች ይህን የሚነግሩት በሥዕል ነው። ስም ያልተጻፈለት በተን፣ ቀለሙ የሚቀያየር መስመር። ታብ ስትጫኑ «በተን፣ በተን፣ በተን» ይላችኋል። የቱ ማቆሚያ፣ የቱ መሰረዣ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሲያልቅ ደግሞ ፋይሉ የት ገባ የሚለው ጣጣ ይመጣል።

የእኛ አሠራር እንዲህ ነው። የገጹን ሊንክ ኮፒ አድርጋችሁ ትሰጡታላችሁ። ፕሮግራሙ ገጹ ላይ ያሉትን ሊንኮች ይሰበስብና ለእያንዳንዱ ሰርቨሩን «ሄድ» በሚባለው የኤችቲቲፒ ጥያቄ ይጠይቃል። ፋይሉን ሳያወርድ ዓይነቱንና መጠኑን ብቻ ነው የሚጠይቀው። መልሱ ተራ ድረ ገጽ ከሆነ ከዝርዝሩ ይወጣል። ኦዲዮ፣ ፒዲኤፍ ወይም ዚፕ ከሆነ ይቀራል። ስለዚህ በቀስት ስትወርዱ የምትሰሙት «ፒዲኤፍ፣ 14 ሜጋባይት» የሚል ነው። ማስታወቂያዎቹ አብዛኞቹ እዚያው ይቀራሉ። መጠኑን አስቀድሞ ማወቁም ካርድ ቆጥቦ ለሚጠቀም ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ያልተስማማንበት ነገር አለ። ጓደኛዬ ፕሮግራሙ ራሱ በድምፅ ይናገር ይላል። እኔ አይናገር እላለሁ። ፍረዱን። እግረ መንገዳችሁን በማውረጃ ፕሮግራም ላይ የምትጠሉትንም ጻፉልን።

ሽሮ ኮደር

ጓደኛው እኔ ነኝ። እሱ ጠበቃ ስለሆነ የእኔን ወገን አሳጥሮ አቀረበው። ሐሳቤ ይህ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ የተዘጋጀ ድምፅ አለ፤ ከፓይተን መጥራት የጥቂት መስመር ሥራ ነው። ፕሮግራሙ በራሱ «አሥር በመቶ ደርሷል፣ ሃያ በመቶ ደርሷል» ካለ ስክሪን ሪደር ያልተጫነበት ማሽን ላይም ይሠራል። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብተህ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ከሌለስ? ለዓይነ ስውር የተሠራ ፕሮግራም ካልተናገረ ምኑን ለዓይነ ስውር ሆነ?

ቀበሌ 18

ሽሮ ኮደር ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፣ ግን አይናገር።

ዓይነ ስውር ነኝ፤ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። የእኔ ስክሪን ሪደር አንተ ብትሰማው አንድ ቃል በማትለይበት ፍጥነት ነው የሚያነብልኝ። ለምጄዋለሁ። የአንተ ፕሮግራም በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ፍጥነት ሲጀምር ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ጆሮዬ ላይ ያወራል ማለት ነው። ደብዳቤ እየጻፍኩ «ሠላሳ በመቶ ደርሷል» ሲል የጻፍኩት ፊደል ያመልጠኛል። ዝም በል ብዬ ኮንትሮል ስጫን ደግሞ ዝም የሚለው የእኔ አንባቢ እንጂ ያንተው አይደለም።

ሌላም አለ። በብሬል ማሳያ፣ ጽሑፉን በጣት በሚዳሰስ ነጥብ በሚያወጣ መሣሪያ፣ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። መስማትም ማየትም የማይችሉ አሉ። ያንተ ድምፅ ብሬሉ ላይ አይወጣም። ጽሑፍህን በትክክል ለስክሪን ሪደሩ ከሰጠኸው ግን እሱ ለድምፁም ለብሬሉም ያደርሰዋል።

ኢንተርኔት ቤቱን በተመለከተ፣ ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ነፃ ነው፤ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ይነሳል። አንድ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር፣ ማይክል ከራን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ፕሮግራም ነው። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ አለ። አማርኛም ያነባል፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል አናጋሪ ድምፅ አማርኛ አለው። ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ይሁን፣ ሥራ ይሠራል። ደግሞስ ስክሪን ሪደር የሌለበት ማሽን ላይ ያንተን ፕሮግራም ማን ይከፍትልኛል? ብሮውዘሩንስ በምን ላነበው ነው?

ዝም አይነቅዝም። ስጠይቀው ይንገረኝ፣ ሲያልቅ ወይም ሲበላሽ ይንገረኝ። በቃኝ።

ጥቁር ስክሪን

እህቴ ተባረኪ። ፍርዱ ተፈረመ።

ሽሮ ኮደር

ይግባኝ አለኝ 😄 እሺ የብሬሉን አላሰብኩትም ነበር፣ ገብቶኛል። ግን «ሲያልቅ ይንገረኝ» ያልሽውስ እንዴት ይሁን? መስኮት ብቅ ይበል?

ቀበሌ 18

መስኮት ብቅ የሚል ከሆነ ፕሮግራምህን ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ። ጽሑፍ መሃል ሳለሁ መስኮቱ ፎከሱን ይነጥቀኛል፤ የምጫነው ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። እኔ አላየሁትም፣ መተየቤን እቀጥላለሁ። ስፔስ ስጫን «ሰርዝ» የሚለው በተን ላይ አርፌ ይሆናል። ስንት ነገር በዚህ ጠፍቷል መሰለህ። አጭር ድምፅ ይበቃል። ለመጨረስ አንድ ዓይነት፣ ለመበላሸት ሌላ ዓይነት። ቃል እንዲሆን ለሚፈልግ ደግሞ በምርጫ አድርገው፣ እሱም በስክሪን ሪደሩ በኩል።

ሌሊት ወራጅ

ለዚህ መንገዱ አለ። ከዊንዶውስ 10 የእ.ኤ.አ. 2017 መጸው ዝማኔ ጀምሮ «ዩአይኤ ኖቲፊኬሽን» የሚባል ጥሪ አለ። ፎከስ ሳይነካ አጭር ጽሑፍ ለስክሪን ሪደሩ ይልካል። ኤንቪዲኤ ደግሞ ኮንትሮለር ክላየንት የምትባል ትንሽ ዲኤልኤል (ሌላ ፕሮግራም የሚጠራት የኮድ ፋይል) አለችው፤ ከፓይተን ጽሑፍ ትሰጣታለህ፣ በተጠቃሚው ድምፅና ፍጥነት ታነበዋለች። መጀመሪያ ኤንቪዲኤ ክፍት መሆኑን ጠይቃት።

መስኮቱን በምን ነው የሠራችሁት? ከፓይተን ጋር በሚመጣው የመስኮት መሥሪያ፣ በቲኪንተር፣ እንዳትሉኝ።

ሽሮ ኮደር

ቲኪንተር ነበር። ምነው?

ሌሊት ወራጅ

ቲኪንተር በተኑን ራሱ ነው የሚሥለው። ዊንዶውስ «እዚህ በተን አለ፣ ስሙ ይህ ነው» ብሎ ለስክሪን ሪደር የሚነግርበትን መንገድ ለብዙ ዓመታት ሳይጠቀምበት ኖሯል። ዓይነ ስውር ሲከፍተው ባዶ መስኮት ነው። ደብሊውኤክስ ፓይተን የሚባለው ሌላው መሥሪያ ግን የዊንዶውስን የራሱን በተን፣ የራሱን ዝርዝር ነው የሚጠራው። ግማሹ ሥራ ያለ ድካም ይመጣልሃል። ሙሉውን ዛሬውኑ አዙረው፣ ኋላ ይብስብሃል።

ዝርዝሩን ስታድስ ደግሞ ተጠንቀቅ። ብዙ ሰው በየሰከንዱ ዝርዝሩን አጥፍቶ እንደገና ይሞላዋል። በዓይን አይታወቅም። ስክሪን ሪደር ላይ ያለ ሰው ግን ሰባተኛው ፋይል ላይ ቆሞ ሳለ ወደ መጀመሪያው ይወረወራል። የተለወጠውን ሴል ብቻ ቀይር። እሱንም ሰውየው የቆመበት መስመር ከሆነ ቶሎ ቶሎ አትነካካው፤ ስሙ በተቀየረ ቁጥር አንባቢው ደግሞ ሊያነበው ይችላል።

ፕሮግረስ ባሩን (ስንት እንደወረደ የሚያሳየውን መስመር) አስቀምጠው፣ አታውጣው። ኤንቪዲኤ የዊንዶውስን ባር ካገኘ በራሱ ጢጥ ጢጥ እያለ ይከተለዋል። በመቶኛው ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። የማይፈልግ ሰው ኢንሰርትና ዩን ተጭኖ ያጠፋዋል ወይም ወደ ቃል ይለውጠዋል። አንተ አንድ መስመር ኮድ አትጽፍም።

መምህር ዘባእታ

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። የምትሉት ግማሹ አይገባኝም፣ ግን ጉዳዩ የእኔ ነው። ዓይኔን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። አቋቋም የተማርኩት ባእታ ነው፣ በቃል። ዛሬ የልጅ ልጄ ላፕቶፕ ላይ የወረብና የዝማሜ ቅጂ እየፈለግሁ እሰማለሁ።

ችግሬ አንድ ነው። ቅጂው ረጅም ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የተቆመ ማኅሌት ነውና። እያወረድኩ መብራት ይጠፋል። መብራቱ ሲመጣ ከሀ ይጀምራል። አንዳንዴ ደግሞ ጨርሷል ይላል፤ ስከፍተው ግማሹን ሰምቼ በመሃል ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል። ይህን ካስተካከላችሁልኝ ሌላው ትርፍ ነው። ብዙ ምርጫም አታብዙብኝ።

ሌሊት ወራጅ

መምህር፣ እንደምን ዋሉ። የነገሩን ነገር ለእነዚህ ልጆች ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። ምን እንደሚሆን ላስረዳ።

ማውረጃው ሲቀጥል ሰርቨሩን «ከዚህ ባይት ጀምሮ ስጠኝ» ይለዋል። ሬንጅ ይባላል። ሰርቨሩ የሚችል ከሆነ 206 የሚል ቁጥር አስቀድሞ ቀሪውን ይልካል። የማይችል ከሆነ 200 ብሎ ሙሉውን ከመጀመሪያው ይልካል። ቁጥሩን የማያይ ፕሮግራም ሙሉውን ፋይል በግማሹ ላይ ይቀጥለዋል። ዚፕ ቢሆን አይከፈትም። ኤምፒ3 ግን ይጫወታል፤ እርስዎ እንዳሉት ግማሽ ሄዶ እንደገና ሀ ብሎ ይነሳል።

ስለዚህ ልጆች፣ 200 ከመጣ የነበረውን ግማሽ ጣሉት፣ ለተጠቃሚውም «ይህ ሰርቨር ማስቀጠል አይችልም፣ ከመጀመሪያው ልጀምር?» በሉት። ጥቅል ያለቀበት ሰው ሳይጠየቅ 600 ሜጋ እንዳይበላበት። 416 ከመጣ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ቀድሞ አልቋል ማለት ነው፤ መጠኑን አነጻጽሩ። ኢታግ የሚባለውን የፋይል መለያም ያዙ። በመሃል ሰርቨሩ ላይ ፋይሉ ተቀይሮ ከሆነ የሁለት ፋይል ግማሽ ገጥማችሁ ታስረክባላችሁ። የወረዱበትን ሁኔታ በሜሞሪ ብቻ አትያዙ፤ ዲስክ ላይ ጻፉት። መብራት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

መምህር ዘባእታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። አሁን ገባኝ። እኔ እኮ የቀዳው ሰው ደግሞ የቀዳው መስሎኝ ነበር።

ተርሚናል ወዳጅ

ይህን ሁሉ ከምትደክሙ ደብሊውጌት የሚባል ማውረጃ አለ አይደል? ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ጽሑፍ ብቻ፣ በተን የለው፣ ሥዕል የለው። ማስቀጠል ይችላል። ለስክሪን ሪደር ከዚህ የሚመች የት ይገኛል?

ጥቁር ስክሪን

እኔ ራሴ እጠቀምበታለሁ፣ ጥሩ ነው። ግን ደብሊውጌት መውረዱን በነጥብ ወይም በሚሮጥ መስመር ነው የሚያሳየው። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ኤንቪዲኤ አዲስ የመጣ ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ ይወዳል፤ ስለዚህ «ነጥብ ነጥብ ነጥብ» ይሆናል። ዝም ማሰኛ አማራጭ አለው፣ ያን ጊዜ ደግሞ የት እንደደረሰ አታውቅም። ለእኔና ላንተ ይሆናል። መምህርን ተርሚናል ክፈቱ ልትላቸው ነው?

ተርሚናል ወዳጅ

መምህርን አልደፍርም 😂 ቢያንስ ሞተሩን ከውስጥ አሪያ2 የሚባለውን ማውረጃ አድርጉት እንጂ እንደ አዲስ አትጻፉ። ከሌላ ፕሮግራም ትእዛዝ ይቀበላል፣ ማስቀጠሉንም በደንብ ይሠራል። እናንተ መስኮቱ ላይ ብቻ ድከሙ።

ሽሮ ኮደር

ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። እንሞክረዋለን።

የአዘዞ ልጅ

እኔ የማያቸው ሁለት ነገሮች የአማርኛ ናቸው፤ ፈረንጅ የሠራው ፕሮግራም አያስብባቸውም።

የፋይል ስም። አማርኛ ስም ያለው ፋይል ሊንኩ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ሦስት ባይት፣ ሦስቱ ባይት ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል። ማውረጃው መልሶ ካልፈታው ፋይሉ በዚያው ስም ይቀመጣል። ስክሪን ሪደሩ ሲያነበው «ፐርሰንት ኢ አንድ ፐርሰንት ስምንት ስምንት ፐርሰንት ስምንት ዜሮ» ነው፣ ለአንዲት ሀ! የሚያይ ሰው ይስቅና ፋይሉን በቀኑ ይለየዋል። እኔ አሥር ፋይል ባወርድ አሥሩም «ፐርሰንት ኢ አንድ» ብለው ይጀምራሉ፤ አንዱን ለማወቅ እስከ መጨረሻው መስማት አለብኝ። በዚያ ላይ የ30 ፊደል ስም 270 ምልክት ይሆናል፣ ዊንዶውስ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ነው። ያን ጊዜ «ማስቀመጥ አልተቻለም» ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግርህም። ፓይተን ውስጥ አንኮት የምትባል አንዲት ጥሪ ትፈታዋለች።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የሌሊት ጥቅል ለምንገዛ ሰዎች በሰዓት የሚጀምር ማውረጃ ግድ ነው። ጥቅሉ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀምራል ብዬ 6 ስሞላ ፕሮግራሙ በፈረንጅ አስቦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳል። ሌሊቱም ነጋ፣ ጥቅሉም አለቀ። እባካችሁ «ሌሊት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ» የሚል ምርጫና አንድ ቁጥር ይኑረው። ያን የሚሽከረከር ሰዓት አታድርጉብን፤ ተራ መጻፊያ ሳጥን ይሻላል።

ጥቁር ስክሪን

የሰዓቱን ነገር ዛሬውኑ ጻፍነው። እኔ እንዲያው በልማድ በፈረንጅ እየሞላሁ ስለኖርኩ ችግር መሆኑም ተረስቶኝ ነበር።

አንድ የአማርኛ ጉዳይ እኔም ልጨምር። ሜኑውን በአማርኛ አድርገነዋል። የአልት አቋራጮቹን ግን በግዕዝ ፊደል ማድረግ አይቻልም። አማርኛ ኪቦርድ ላይ «አ»ን ወይም «ማ»ን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቁልፍ በላይ ይፈልጋል፤ አልት ደግሞ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ «አውርድ» ከሚለው ጎን የላቲን ዲ አስቀመጥን። ቻይናና ጃፓንም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ስክሪን ሪደሩ «አውርድ፣ አልት ዲ» ብሎ ይነግርሃል።

ግራ የገባው

ይቅርታ አድርጉልኝና ጥያቄ አለኝ። መጽሐፍ በነፃ ማውረድ ስርቆት አይደለም? ዓይነ ስውር ስለሆነ ይፈቀድለታል?

ጥቁር ስክሪን

ሕግ ስለተማርኩ ይህን ልመልስ። ፕሮግራሙ የሚያወርደው ባለቤቱ ለሕዝብ የከፈተውን ነው፤ የተቆለፈ አይሰብርም። መጻሕፍትን በተመለከተ የማራኬሽ ስምምነት የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመ። በዓይነ ስውርነት ወይም በሌላ ጉዳት ምክንያት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጽሐፍን በድምፅ፣ በብሬል ወይም በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ማዘጋጀትና በአገሮች መካከል መለዋወጥን ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. ገብታበታለች። የማንንም መጽሐፍ ስካን አድርጎ ለሁሉም ሰው መበተንን ግን አይፈቅድም። ወደ ሥራችን እንመለስ።

ቀበሌ 18

ሽሮ ኮደር፣ አንተ የምታየው ሰው ነህ፤ እንዴት ነው የምትፈትሸው? ሁልጊዜ ጓደኛህን እየጠራህ ነው?

ሽሮ ኮደር

እስካሁን አዎ። እሱ ሲተኛ እኔም ሥራ አቆማለሁ።

ቀበሌ 18

ኤንቪዲኤን ጫን። ቱልስ ሜኑ ውስጥ ስፒች ቪወር አለ። የሚናገረውን ሁሉ በጽሑፍ ያሳይሃል፤ ፈጣኑ ንግግር ባይገባህም ታነበዋለህ። «በተን» ብቻ ብሎ ካለፈ ስም የረሳኸው አለ ማለት ነው። እሱን ካስተካከልክ በኋላ ማውሱን ንቀልና ስክሪን ከርተን የሚለውን አብራው፣ ስክሪኑ ይጠቁርልሃል። እንደዚያ ሆነህ አንድ ፋይል ከሊንክ እስከ ፎልደር አድርሰህ ና።

ሽሮ ኮደር

ሞከርኩት። ማውረዱስ ወረደ። የወረደውን ፋይል ግን አላገኘሁትም 🤦 ፎልደሩን ለመክፈት በማውስ ብቻ የሚነካ አዶ ነበር ያደረግሁት፤ ታብ እዚያ አይደርስም። አሁን መስመሩ ላይ ቆሞ ኤንተር ፋይሉን ይከፍታል፣ ኮንትሮልና ኤንተር ፎልደሩን። ኤፍ 6 ስትጫኑ ያለበትን ሁኔታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራችኋል። «ሦስት ፋይል፣ ሁለቱ አልቀዋል፣ አንዱ 70 በመቶ» ዓይነት።

የአዘዞ ልጅ

ስታወጡት በአንድ ፋይል አታሽጉት። በፓይኢንስቶለር (የፓይተን ፕሮግራም ማሸጊያ) እንደዚያ የታሸገ ፕሮግራም ፀረ ቫይረሶች በከንቱ ይጠረጥሩታል። በዚፕ፣ ከፍላሽ የሚነሳ አድርጉት። ላብ ውስጥ መጫን አይፈቀድማ።

ጥቁር ስክሪን

የሙከራውን ቅጂ ከላይ ባለው የመጀመሪያ ጽሑፍ ላይ አያይዣለሁ። በዚፕ ነው። በደብሊውኤክስ ተሠርቷል፣ አይናገርም፣ መስኮት አይረጭም። የሌሊት ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ጆስ በሚባለው ሌላ ስክሪን ሪደር የምትጠቀሙ ካላችሁ በተለይ እናንተን እፈልጋለሁ፤ እኛ የፈተሽነው በኤንቪዲኤ ብቻ ነው።

ቀበሌ 18

ቢሮ ጆስ አለኝ፣ ሞክሬዋለሁ። ዝርዝሩ በደንብ ይነበባል። ኤፍ 6 ግን ዝም ይላል። ጽሑፉን የምትልኩት በኤንቪዲኤ ዲኤልኤል ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሽሮ ኮደር

ልክ ነሽ፣ እሱ ነው። ለጆስ የራሱ ጥሪ አለ። አክሰሰብል አውትፑት የሚባል የፓይተን ላይብረሪ የተከፈተውን ስክሪን ሪደር ራሱ ፈልጎ ይልካል፤ በሱ እቀይረዋለሁ። እሑድ አዲሱን እለጥፋለሁ።

መምህር ዘባእታ

የልጅ ልጄ ከፈተልኝ። ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። አንድ ነገር ግን አለ፤ የመጨረሻዋ ድምፅ በጣም ትቀጥናለች፣ ጆሮዬ ሸምግሏልና አትሰማኝም። ወፈር ያለች አድርጉልኝ።

ሽሮ ኮደር

እሺ መምህር። ድምፁን ሰው ራሱ የሚመርጥበት ቦታ እጨምራለሁ፣ ለእርስዎ ግን ከመጀመሪያው ወፍራሙን አድርጌ እልካለሁ።